የወጣት ወንዶች ፀጉር መሳሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ፀጉሬ መሳሳት የጀመረው በ21 ዓመቴ ግቢ እያለሁ ነው፣ ከዛ ወዲህ ታናናሾቼና ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

በቀን ስንት ፀጉር ቢረግፍ ነው ኖርማል የሚባለው?

ከ50 እስከ 100 ድረስ ኖርማል ነው። ጭንቅላታችን ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ ፀጉር አለ፣ እያንዳንዱ ደሞ የራሱ እድሜ አለው፣ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዛ ለ3 ወር ገደማ ያርፍና ይወድቃል፣ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ስለዚህ ትራስህ ላይ ወይ ሻወር ውስጥ ፀጉር ማየትህ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። በሳምንት አንዴ ብቻ የምትታጠብ ከሆነ ደሞ የሳምንቱ ተጠራቅሞ ነው በአንዴ የሚወርደው፣ ያን አይተህ እንዳትደነግጥ።

መቁጠሩን ተወው። እኔ ጠዋት ጠዋት ትራሴ ላይ ያለውን እየለቀምኩ ነጭ ወረቀት ላይ እደረድር ነበር፣ አንድ ቀን 30 አንድ ቀን 70፣ አንድም የጠቀመኝ ነገር የለም። መታየት ያለበት አዲስ የሚበቅለው ፀጉር ነው። ቀጭን፣ አጭርና ፈዘዝ ያለ ፀጉር እየበዛ ከመጣ እሱ ነው ምልክቱ፣ ምክንያቱም የወንዶች መመለጥ ላይ ቆዳው የሚታየው በዋናነት ፀጉሩ በየዙሩ እየቀጠነ ስለሚመጣ ነው።

ግንባሬ እየሸሸ ነው ወይስ ስላደግኩ ነው?

ይሄ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ግማሹ የሚጨነቀው ምንም ሳይሆን ነው። ከ17 እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ የአብዛኛው ወንድ የፀጉር መነሻ መስመር ከልጅነቱ በ1 ወይ በ1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደላይ ይወጣል፣ ይሄ በራ መሆን አይደለም፣ የአዋቂ ግንባር ነው። ቅንድብህን ወደላይ ስታነሳ ግንባርህ ላይ መስመሮች ይወጣሉ አይደል፣ ከመጨረሻው የላይኛው መስመር አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ፀጉርህ ከጀመረና እዛው ከቆመ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ግምት ነው እንጂ የሐኪም ልኬት አይደለም።

የሚያሳስበው ግራና ቀኙ ከመሃሉ በጣም ጠልቆ ሲገባ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ፀጉር ሲቀጥን፣ ወይ መሃል አናትህ ላይ ቆዳ መታየት ሲጀምር ነው። እኔ የነቃሁት ዶርም ውስጥ ጓደኛዬ ከኋላዬ ሆኖ ባነሳት አንድ ፎቶ ነው፣ ካርታ እየተጫወትን ነበር፣ አምፖሉ በላዬ ላይ ነበር፣ አናቴ ላይ የሳንቲም የሚያህል ቦታ አብረቀረቀ፣ ፎቶዋን ደጋግሜ እያሰፋሁ ሳያት አደርኩ። ግን ተጠንቀቅ፣ አምፖል ስር እና እርጥብ ሆኖ የማንም ሰው ቆዳ ይታያል። በየ3 ወሩ እዛው ቦታ፣ በዛው ብርሃን፣ ፀጉርህ ደርቆና እኩል ርዝመት ሆኖ ፎቶ አንሳ፣ ግንባር ግራና ቀኝ እና አናት። በየቀኑ መስታወት ማየት ለውጥ አያሳይህም፣ ያስጨንቅሃል እንጂ።

በ20 ዓመት እንዲህ ይሆናል እንዴ? ይሄ የሽማግሌ ነገር አይደለም?

ይሆናል። ከጉርምስና በኋላ በማንኛውም ጊዜ ሊጀምር ይችላል። በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር በ30 ዓመት ከሶስት ወንድ አንዱ ገደማ፣ በ50 ዓመት ግማሹ የሚል ነው፣ ይሄ ግን ነጮች ላይ የተሠራ ነው፣ ጥቁሮችና እስያውያን ላይ በመጠኑ ዝቅ ይላል። በጊዜ የጀመረው ብዙ ጊዜ ሩቅ ይሄዳል፣ ፍጥነቱን ግን ማንም አስቀድሞ ሊነግርህ አይችልም፣ ሁለት ዓመት ፈጥኖ ሄዶ ከዛ ለአስር ዓመት እዛው የሚቆም አለ። ሐኪሞች ደረጃውን የሚለኩት ኖርውድ በሚባል መለኪያ ነው፣ 7 ደረጃ አለው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ነው አሁን ያለውን መልክ የያዘው።

ምክንያቱ ምንድነው?

ሆርሞንና ዘር ነው። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ሰውነታችን ውስጥ በአንድ ኢንዛይም አማካኝነት ዲኤችቲ ወደሚባል ጠንካራ ሆርሞን ይቀየራል፣ የአንዳንዶቻችን የግንባርና የአናት ፀጉር ሥር ደሞ በተፈጥሮው ዲኤችቲን አይችልም፣ ሆርሞኑ ሲነካው የማደጊያ ጊዜው ያጥራል፣ 4 ዓመት ያድግ የነበረው 1 ዓመት ይሆናል፣ ከዛ ጥቂት ወራት፣ በየዙሩ እየቀጠነ መጨረሻ ላይ እንደ ህፃን ልጅ ፀጉር ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከጆሮ በላይና ማጅራት አካባቢ ያለውን ዲኤችቲ ብዙም አይነካውም፣ ለዛ ነው አባቶቻችን አናታቸው ባዶ ሆኖ ዙሪያው የሚቀረው።

በራ የሆነ ሰው የወንድ ሆርሞኑ ከሌላው ይበልጣል የሚሉ አሉ፣ አይደለም፣ መጠኑ ያው ነው፣ ልዩነቱ የፀጉር ሥሩ ላይ ነው። ጃንደረባ በራ አይሆንም የሚለው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፣ ጄምስ ሃሚልተን የሚባል ተመራማሪ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው ጥናት በልጅነታቸው ለተሰለቡ ወንዶች ቴስቶስትሮን ሲሰጣቸው ቤተሰባቸው ውስጥ በራ ያለባቸው መመለጥ ጀመሩ፣ የሌለባቸው አልጀመሩም። ሆርሞኑም ዘሩም መገናኘት አለባቸው ማለት ነው።

የሚወረሰው ከእናት ወገን ነው ይባላል፣ እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ዋናው ጂን ወንድ ልጅ ከእናቱ ብቻ በሚያገኘው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው፣ ስለዚህ የእናትህን አባትና ወንድሞቿን ማየት ፍንጭ ይሰጣል። ግን ከዛ ውጪ ብዙ ጂኖች አሉ፣ ከአባትም የሚመጡ፣ አባትህ በራ ከሆነ ያንተም እድል ይጨምራል። እናትህን ግን በዚህ አትውቀሳት፣ እኔ አንድ ቀን እማዬን «ከናንተ ወገን ነው ያመጣሁት» አልኳት፣ ምንም ሳትመልስልኝ አናቴን ዳሰስ አደረገችኝና ወደ ጓዳ ገባች፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ኮፍያ፣ ጄል፣ በቶንዶስ መላጨት፣ የአረብ ሀገር ውሃ፣ ከነዚህ የትኛው ነው ያበላሸኝ?

የትኛውም አይደለም። ኮፍያ ሥሩን አያፍነውም፣ የፀጉር ሥር ኦክስጅን የሚያገኘው ከደም ነው። መላጨት አያሳሳም አያበዛምም፣ ሲላጭ ወፍሮ የበቀለ የሚመስለው ጫፉ ስለተቆረጠ ነው። ጄል ቢበዛ ፀጉሩን ያደርቀዋል፣ ቆዳህን ካሳከከህ ደሞ ተወው።

ዱባይ፣ ሳውዲ፣ ኩዌት ያሉ ልጆች ውሃውን አጥብቀው ይከሳሉ፣ ይገባኛል፣ ያ ውሃ ፀጉርን ሻካራ አድርጎ መሃል ላይ እንዲሰበር ሊያደርገው ይችላል፣ ሥሩ ድረስ ገብቶ ግን በራ አያደርግም። እዛ የሄደ ሰው ብዙ ነገር በአንዴ ነው የሚቀየርበት፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ኪሎ፣ የቤት ሐሳብ፣ ከነሱ የሚመጣ መርገፍ አለ፣ ከታች ጽፌዋለሁ።

ሴጋ ፀጉር ያሳሳል? ጫትና ሲጋራስ?

ሴጋ አያሳሳም። ይሄን በውስጥ መስመር አፍረው የሚጠይቁኝ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ቅጣት የመጣባቸው የሚመስላቸው አሉ፣ በፀጉርና በሱ መካከል ምንም የለም። ሲጋራ የሚያጨሱ ላይ መመለጥ በርከት ብሎ የታየባቸው ጥናቶች አሉ፣ ስለዚህ ለመተው አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይሁንህ። ጫት ራሱ ሥሩን ሲመታ የታየ ነገር ባይኖርም እንቅልፍና ምግብ ስለሚዘጋ ሰውነትህ ሲጎዳ ፀጉርህም አብሮ ይጎዳል።

በአንድ ወር ውስጥ ድንገት ነው እፍኝ እፍኝ መርገፍ የጀመረው፣ በራ መሆኔ ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም፣ እንዲያውም ይሄኛው የተሻለው ዜና ነው። ሰውነት ትልቅ ነገር ሲደርስበት፣ ታይፎይድ፣ ወባ፣ ኮቪድ፣ ኦፕራሲዮን፣ በፍጥነት ኪሎ መቀነስ፣ ከባድ ሐዘን፣ ፀጉሩን በብዛት ወደ እረፍት ያስገባዋል፣ ያ ያረፈው ፀጉር ደሞ የሚወድቀው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ሰው ዛሬ የሚረግፍበትን ዛሬ ከበላው ጋር ያያይዘዋል፣ አንተ ግን ካላንደሩን ወደኋላ ሶስት ወር መልሰህ ምን ሆኜ ነበር በል። ምክንያቱ ካለፈ በ6 ወር አካባቢ ይቆማል፣ ይመለሳልም።

ካላቆመ ደም ተመርመር፣ ሂሞግሎቢን፣ ፈሪቲን (ሰውነት ውስጥ የተቀመጠውን ብረት የሚያሳይ)፣ ታይሮይድ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፣ ወንድ ልጅ የብረት እጥረት ከተገኘበት ክኒን ወስዶ መሄድ ብቻ አይበቃም፣ ደሙ የት እየፈሰሰ እንደሆነ መፈለግ አለበት፣ ጨጓራ ሊሆን ይችላል፣ መንጠቆ ትል ሊሆን ይችላል፣ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል።

ክብ ክብ ሆኖ ነው የተነሳብኝ፣ ይሄስ?

ይሄ ሌላ ነገር ነው። ልሙጥ ሆኖ የሳንቲም ቅርፅ ይዞ ከተነሳ፣ ጭንቅላት ላይም ፂም ላይም፣ ብዙ ጊዜ ላሽ የምንለው ነው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲመታ የሚመጣ፣ አይተላለፍም። ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱ ይመለሳል፣ ሐኪም ደሞ ቦታው ላይ መርፌ እየወጋ ያፋጥነዋል። ተላላፊ ነው ብለህ ነጭ ሽንኩርት ፈግፍገህ ቆዳህን አታቃጥል፣ እንደዛ አድርጎ ቁስል ይዞ የመጣ ልጅ አይቻለሁ።

ቅርፊት ያለው፣ የሚያሳክክና ፀጉሩ ከሥሩ ቅርብ የተሰባበረ ከሆነ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፣ ፈንገስ ነው፣ በብዛት ልጆች ላይ ነው ያለው፣ ይተላለፋል፣ ቅባት ብቻውን አያድነውም፣ የሚዋጥ መድሃኒት ይፈልጋል። ትንንሽ ሆኖ እዚህም እዛም ብል የበላው ልብስ ከመሰለ ደሞ የቂጥኝ ምርመራ አድርግ፣ ሳይታሰብ በዚህ መልክ ይመጣል፣ መድሃኒቱም ቀላል ነው።

ከተቆረጥኩ በኋላ ማጅራቴ ላይ ሽፍታ ይወጣና ፀጉሩ አይበቅልም

እሱን ቶሎ ያዘው። ከርዳዳ ፀጉር ያለን ወንዶች ላይ የሚበዛ ነው፣ በጣም ተጠግቶ ሲላጭ የተቆረጠው ፀጉር ተጠማዞ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ይቆጣል፣ ከቆየ ጠጥሮ ጠባሳ ይሆናል፣ ጠባሳ የሆነ ቦታ ላይ ፀጉር አይመለስም። ፀጉር ቆራጩን ማጅራቴን በምላጭ አትንካው፣ ቶንዶሱንም ቁጥር አድርግበት በለው። ገና ሽፍታ እያለ በቅባትና በሚዋጥ መድሃኒት ይስተካከላል፣ ሲጠጥር ግን እስከ ኦፕራሲዮን ያደርሳል።

ድሬድና ሹሩባ ግንባር ያሸሻል?

ተጠብቆ ከተሠራ አዎ። ሲያምህ፣ ሥሩ ላይ ነጫጭ እብጠት ሲወጣ፣ ግንባርህ ሲወጠር፣ ሥሩ እየተነቀለ ነው ማለት ነው። በጊዜ ከላላ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቆየ አይመለስም።

ቅቤ፣ እሬት፣ የጉሎ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽንኩርት ጭማቂ፣ ከነዚህ የሚሠራ አለ?

ለዘር መመለጥ የለም። ከልቤ ነው የምለው፣ እነዚህ ነገሮች ለፀጉሩ ይጠቅማሉ፣ ቅቤና ጉሎ ፀጉር ያለሰልሳል፣ እንዳይሰበር ያደርጋል፣ እናቶቻችን ያለምክንያት አልቀቡንም። ግን ዲኤችቲን አያቆሙም። ፎረፎር ካለብህ ደሞ ዘይት ያባብሰዋል፣ ፎረፎሩን የሚያመጣው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚመገበው ዘይት ስለሆነ፣ ለሱ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሻላል። በሽንኩርት ጭማቂ ላይ የተሠራች ትንሽ ጥናት አለች፣ እሷም ለላሽ እንጂ ለዚህ አይደለችም።

ሮዝመሪ፣ ማለትም የጥብስ ቅጠል ዘይት፣ ከሁሉም በብዛት የሚወራለት ነው። ወሬው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2015 ኢራን ውስጥ 100 ሰው ላይ ከተሠራ ጥናት ነው፣ በ6 ወር ከ2% ሚኖክሲዲል (ከታች የምነግርህ የሚቀባ መድሃኒት) ጋር እኩል ሆነ ተባለ፣ ግን የሁለቱም ለውጥ ትንሽ ነበር፣ ምንም ያልተቀባ ማነፃፀሪያ ቡድንም አልነበረውም። መቀባት ከፈለግክ በሌላ ዘይት አቅጥነህ ተቀባ፣ ተስፋህን በሙሉ ግን አታስቀምጥበት።

እኔ የሁለት ወር የኪስ ገንዘቤን ከፍዬ በስልክ ከሚሸጥ ሰው ስም የለሽ ዘይት ገዛሁ፣ ጠርሙሱ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም፣ ከላስቲኩ ሲወጣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። በሶስተኛው ቀን አናቴ ተቃጥሎ ቅርፊት አወጣ፣ ደውዬ ስነግረው «እየሠራ ነው ማለት ነው» አለኝ፣ አምኜው ሁለት ሳምንት ቀጠልኩ። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ እንዲህ ባለ ነገር ያባከንኩት ሁለት ዓመት ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር በጊዜ ሲያዝ ነው ያለውን ማቆየት የሚቻለው። በውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን ምንም ነገር አትቀባ።

ባዮቲንና የፀጉር ቫይታሚን ልውሰድ?

እጥረት ከሌለብህ አይጠቅምህም፣ የባዮቲን እጥረት ደሞ ብርቅ ነው። ብዙ መጠን ያለው ባዮቲን የታይሮይድና የልብ ምርመራ ውጤት ያዛባል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቆበታል፣ ስለዚህ እየወሰድክ ላብራቶሪ ከሄድክ ተናገር።

ሚኖክሲዲል ምንድነው፣ ይሠራል?

ይሠራል፣ ለብዙ ሰው፣ ለሁሉም አይደለም። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ የሚወስዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታየ፣ ከዛ እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ለወንዶች መመለጥ የሚቀባ ሆኖ ተፈቀደ። ልጆች ለፂም የሚቀቡት ራሱ ነው። አጠቃቀሙ 5% የሆነውን 1 ሚሊ ሊትር ጠዋትና ማታ፣ ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ። ማታ ከሆነ ከመተኛትህ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ተቀባ፣ አለበለዚያ ትራሱ ነው የሚጠጣው። ውጤት ለማየት ከ4 እስከ 6 ወር ጠብቅ። አናት ላይ ከግንባር ይልቅ ይሻላል፣ ፀጉር የጠፋበትን ልሙጥ ቆዳ ግን አይመልስም፣ የሳሳውን ነው የሚያወፍረው።

ማወቅ ያለብህ ዋናው ነገር ስታቆም የጨመረልህ ሁሉ በ3 እና 4 ወር ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ወርሃዊ ወጪውን አስላው፣ ለአንድ ወር ገዝቶ ከዛ ብር አጥቶ ማቆም ከንቱ ልፋት ነው። ማሳከክ፣ መቅላት፣ ፊት ላይ ያልተፈለገ ፀጉር ሊያመጣ ይችላል፣ ልብህ ከመታ፣ ካዞረህ፣ እግርህ ካበጠ አቁመህ ሐኪም ጋ ሂድ። ቤት ድመት ካለች ደሞ ጠርሙሱንም የተቀባ ትራስህንም አርቅ፣ ለድመት መርዝ ነው። ደርማ ሮለር (ትንንሽ መርፌ ያለው ቆዳ ላይ የሚንከባለል ዕቃ) የምትጠቀም ከሆነ ከጓደኛህ ጋር በፍጹም አትጋራው፣ ደም የሚነካ ዕቃ ነው።

ሚኖክሲዲል ከጀመርኩ በሶስተኛው ሳምንት ይበልጥ መርገፍ ጀመረ፣ ላቁም?

አታቁም። መድሃኒቱ ያረፈውን ፀጉር ቶሎ አስወጥቶ አዲስ ማስጀመር ነው ሥራው፣ ስለዚህ ከ2ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ መርገፍ መጨመሩ የተለመደ ነው። ብዙ ልጅ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፣ የከፋውን ጊዜ አልፎ ጥሩውን ሳያይ። ከ3 ወር በላይ ከቀጠለ ግን ሌላ ነገር ይኖራል፣ ሐኪም ጋ ታይ።

ፊናስትራይድስ? ወንድነት ይጎዳል ሲሉ ሰምቻለሁ

በዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። ታሪኩ የሚጀምረው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ካለ መንደር ነው፣ እዛ ዲኤችቲ የሚሠራውን ኢንዛይም በተፈጥሮ ያጡ ልጆች ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለነሱ ጥናት ወጣ፣ አድገው በራ አልሆኑም፣ ፕሮስቴታቸውም ትንሽ ነበር። ፊናስትራይድ ያን ኢንዛይም የሚዘጋ ክኒን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሮስቴት 5 ሚሊ ግራም፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ለፀጉር 1 ሚሊ ግራም ሆኖ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ደም ውስጥ ያለውን ዲኤችቲ ሁለት ሶስተኛ ገደማ ይቀንሳል፣ የብዙ ወንዶችን መመለጥ ያቆማል ወይ ያዘገያል፣ ከሚቀባው በላይ ምንጩን የሚነካ እሱ ነው።

ጎንዮሽ ጉዳቱ እውነት ነው፣ ግን የሚወራውን ያህል አይደለም። በተፈቀደበት ጥናት የወሲብ ፍላጎት መቀነስ፣ ያለመቆም ወይም የፈሳሽ ማነስ የገጠማቸው ከመቶ 4 ገደማ ነበሩ፣ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደሞ ከመቶ 2። አብዛኛው ሲያቆም ይሄዳል፣ ካቆሙ በኋላም የቀጠለባቸው ሰዎች አሉ፣ የነሱን ቃል ማጣጣል ልክ አይመስለኝም። ሌላው አእምሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2025 የአውሮፓ መድኃኒቶች ኤጀንሲ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። ድብርት ኖሮብህ የሚያውቅ ከሆነ ለሐኪምህ ሳትነግር አትጀምር፣ ከጀመርክ በኋላ ስሜትህ ከተቀየረ አቁምና ወዲያው ተናገር።

የፕሮስቴቱን 5 ሚሊ ግራም ገዝተው በቢላ የሚቆርሱ አሉ። ቤት ውስጥ እርጉዝ ሴት ካለች የተቆረሰውን ክኒን መንካት የለባትም፣ በሆዷ ያለውን ወንድ ልጅ ብልት አፈጣጠር ሊጎዳ ይችላል። ልጅ ለመውለድ እየሞከራችሁ ከሆነም ለሐኪም ንገር። ደም የምትለግስ ከሆነ ካቆምክ አንድ ወር ይለፍ።

ጂም እሠራለሁ፣ ክሬቲን (ለጡንቻ የሚወሰደው ዱቄት) በራ ያደርጋል?

ወሬው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቂት የራግቢ ተጫዋቾች ላይ ከተሠራ ጥናት ነው፣ ዲኤችቲያቸው ጨመረ፣ የማንም ፀጉር ግን አልታየም አልተቆጠረም። እኔ ክሬቲን አልፈራም። የምፈራልህ አንዳንድ ጂም ውስጥ በእጅ በእጅ የሚዞረውን የቴስቶስትሮን መርፌ ነው፣ ዘሩ ካለብህ በወራት ውስጥ ነው የሚያፋጥነው፣ ከፀጉር የባሰም ጉዳት አለው።

ገንዘብ አለኝ፣ ቱርክ ሄጄ ላስተክል?

ገና 22 ወይ 23 ከሆንክ ቆይ። ንቅለ ተከላ ማለት ከጭንቅላትህ ኋላ ያለውን ጠንካራ ፀጉር ነቅሎ ፊት መትከል ነው፣ አዲስ ፀጉር አይፈጥርም፣ ከኋላ የሚወሰደው ደሞ ያልቃል። በ22 ዓመትህ ግንባርህን ዝቅ አድርገህ አስሞልተህ ከኋላው ያለው የራስህ ፀጉር መሸሹን ከቀጠለ በ30 ዓመትህ ፊት ላይ ደሴት፣ ከኋላዋ ባዶ ሜዳ ይቀራል፣ መሙያውም አልቋል። ጥሩ ሐኪም መጀመሪያ በመድሃኒት አረጋግተህ ና ይልሃል፣ ያለምንም ጥያቄ ነገ ና የሚልህን ሽሸው።

የኛ ፀጉር ደሞ የራሱ ነገር አለው። ከርዳዳ ፀጉር ከቆዳ በታችም የተጠማዘዘ ነው፣ የማያውቅ ሰው ሲነቅለው ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ እንደኛ ያለ ፀጉር ላይ የሠራውን ፎቶ አሳየኝ በል። ቁስልህ ሲድን አብጦ የሚቀር ከሆነ፣ ኬሎይድ ማለት ነው፣ አስቀድመህ ተናገር። ኢስታንቡል ውስጥ በጣም ጎበዝ ሐኪሞች አሉ፣ ሐኪሙን ፊቱን ሳታይ ረዳቶች ብቻ ሠርተው የሚሸኙህም ቦታ አለ፣ ስለዚህ ነቀላውንና ቀዳዳ መክፈቱን ማን ነው የሚሠራው ብለህ ሳትከፍል ጠይቅ። ከተተከለ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተከለው ይረግፋል፣ አትደንግጥ፣ ሙሉ ውጤቱ ከ9 እስከ 12 ወር ነው።

የት ልታይ? ምን ይዤ ልሂድ?

የቆዳ ሐኪም ጋ፣ ፀጉር ቤት ወይ ስልክ ላይ አይደለም። አዲስ አበባ ከሆንክ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ተብሎ ተጀምሮ ዛሬ በቆዳ ሕክምና የሚታወቅ ነው፣ ደሴ አካባቢ ከሆንክ ቦሩ ሜዳ አለ፣ ትልልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የቆዳ ክፍል አላቸው። ሰው በፀጉር ምክንያት እንዴት ሆስፒታል ይሄዳል ብለህ አትፈር፣ እኔ አፍሬ ነው ሁለት ዓመት የቆየሁት፣ ሐኪሟ አናቴን በማጉያ አይታ የጨረሰችው በአስር ደቂቃ ነው። የድሮ ፎቶህን፣ እስካሁን የተቀባኸውን ሁሉ ጠርሙሱን ጭምር፣ የምትወስደውን መድሃኒት፣ ባለፉት 6 ወራት ያመመህን ይዘህ ሂድ። ጸበል የምትጠመቅ ከሆነም ተጠመቅ፣ መድሃኒቱን ግን አብረህ ቀጥል።

ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ፣ ሰው ሁሉ አናቴን የሚያይ ይመስለኛል

ይሄን የሚጽፉልኝ ልጆች ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም መልሱ «በራ ሀብት ነው» ብቻ ይሆንባቸዋል። ሰው ይሄን የሚለው ሊያጽናና ነው፣ ግን በ22 ዓመት ፊትህ በመስታወት ውስጥ ሲቀየር ማየት ሐዘን አለው፣ ሐዘኑን ማንም ቀላል ነው ሊልህ አይገባም። እኔ የጓደኛዬ ሰርግ ላይ ሚዜ ሁን ስባል ኮፍያ ስለማይደረግ እምቢ ብያለሁ፣ ምክንያቱን አልነገርኩትም፣ ተቀየመኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስነግረው «አናትህን መቼ አይቼው አውቃለሁ» ነው ያለኝ።

ሰው ጋ መሄድ ካቆምክ፣ ክላስ ከቀረህ፣ በቀን ለሰዓታት መስታወት ጋ ከሆንክ፣ ከፀጉሩ በፊት ይሄኛው ይታከም። ለአንድ ሰው ጮክ ብለህ ንገር፣ ወንድም፣ ጓደኛ፣ የነፍስ አባት፣ ማንም ይሁን፣ መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ የአእምሮ ሐኪም ጋ ከሚወስድህ ሰው ጋር ሂድ።

በቃ ልላጨው?

ከመድሃኒቱ ጋር ብታደርገውም ይቻላል፣ ሁለቱ አይጣሉም። መጀመሪያ በ1 ቁጥር አስቆርጠህ አንድ ሳምንት እየው፣ አጭር ሲሆን የሳሳው ካልሳሳው ጋር ይቀራረባል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይረካል። ከዛ ዜሮ። አርብ ማታ ተቆረጥ፣ ቅዳሜና እሁድ ራስህ ትለምደዋለህ። የአናትህ ቆዳ ፀሐይ ስለማያውቅ ለጥቂት ሳምንት ከፊትህ ቀላ ወይ ነጣ ብሎ ይታያል፣ ከዛ ይመሳሰላል፣ ፀሐይ ላይ ከዋልክ ሰንስክሪን ወይ ኮፍያ አድርግ። በምላጭ ከሆነ አዲስ ምላጭ ፊትህ ተከፍቶ ይግባ፣ ወደ ፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ ይላጭ፣ ሽፍታ የሚወጣብህ ከሆነ ምላጩን ትተህ በቶንዶስ ብቻ ጨርሰው።